ዝም አይነቅዝም?

ሰሞኑን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበትን ጉዳይ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ የለብኝም፤ የባንክ ዕዳም አላስጨነቀኝም። እንቅልፍ የነሳችኝ ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠች፣ ሁለት አንቴና ያላት፣ አቧራ የጠገበች ጥቁር ሣጥን ናት። ሮውተር። እኛ ቤት ስሟ "ዋይፋይዋ" ነው። "ዋይፋይዋ ጠፋች"፣ "ዋይፋይዋን አጥፍተሽ አብሪያት" ስንል ነው የምንውለው። መስመሩን ከሚያስገባው ሞደም ሌላ ናት፤ በራሴ ገንዘብ የገዛኋት።

ነገሩን የጀመረው የእህቴ ልጅ ነው። ኮምፒዩተር ተምሯል፤ እጁ ዕቃ ሳይፈታ መዋል አይችልም። አንድ እሑድ ምሳ በልቶ፣ ቡናው እስኪፈላ ላፕቶፑን ከፍቶ ሲነካካ ቆየና ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ይቺ ሮውተር ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሰባት ቢሆናት ነው።"

"ፋብሪካው ትቷታል'ኮ።"

"ትቷታል ማለት?"

"በቃ ትቷታል። ለዚህ ሞዴል አዲስ ፈርምዌር ካወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ እንደተከፈተ ነው። ለምን ፍላሽ አላደርግልህም?"

ነገሩ እንግዳ ለሆነባችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ሮውተርም እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር የምትሠራበት የራሷ ፕሮግራም አላት። ይህ ፕሮግራም መብራት ቢጠፋም በማይጠፋ ቺፕ ላይ የተጻፈ ነው፤ ፈርምዌር የሚባለው እሱ ነው። ፍላሽ ማድረግ ማለት የቀድሞውን ጽሑፍ ደምስሶ በቦታው ሌላ መጻፍ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ሲባል ትዝ የሚለው ብራና ነው። በጥንቱ ዘመን ብራና ውድ ስለነበር የቀድሞው ጽሑፍ እየተፋቀ በላዩ ሌላ የሚጻፍበት ጊዜ ነበር። የፋቂው እጅ ከተንቀጠቀጠና ብራናው ከተቀደደ የቀድሞውም የለ፣ አዲሱም የለ። ፍላሽም እንደዚያው ነው። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ወይም የሌላ ሞዴል ፋይል በስህተት ቢጫን፣ አሮጌው ተደምስሷል፣ አዲሱ አልተጻፈም። ሣጥኗ ባዶ ቅል ሆና ትቀራለች። ነጮቹ ይህን ጊዜ "ጡብ ሆነች" ይላሉ። የኛ ሞባይል ጠጋኞች ደግሞ "ሞተች" ይሏታል።

መብራት ሳይሰናበት በሚሄድበት ከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ስንሰማ ብንደነግጥ አይፈረድብንም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት ልጄ ይህንኑ ጉዳይ አንስታብኝ ነበር። "አባዬ፣ ይቺ ዕቃ አርጅታለች፤ አንድ ነገር እናድርጋት" አለችኝ። የመለስኩላትን አልረሳሁትም። "እየሠራች አይደል? ተያት። ዝም አይነቅዝም።" እሷም ዝም አለች። ሮውተሯም ዝም አለች። እኔም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ተረትና ምሳሌ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። ተረትና ምሳሌ ጠበቃ እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ለቀጠረው ሁሉ ይቆማል። "አትንካት" ለሚለው ወገን ሁለት ዝነኛ ጠበቆች አሉት፦ "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" እና "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች"። "ቀይራት" ለሚለው ወገን ደግሞ "ሳይቃጠል በቅጠል" ይቆምለታል፤ "ካልደፈረሰ አይጠራም"ም ይጨመርለታል። ሦስቱን ሌሊት እነዚህ ጠበቆች ትራሴ ላይ ሲከራከሩ አደሩ። ዳኛው ግን አልመጣም።

"ለምን አዲስ አትገዛም?" የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ደግ ነው፤ አቅሙ ላለው ቀጥተኛው መንገድ ይኸው ነው። ግን እየሠራች ያለች ዕቃ መጣል አልሆንልህ አለኝ። ደግሞም አዲሷም ብትሆን ፋብሪካዋ የሚተዋት ቀን ይመጣል። ያኔም ይኸው ጥያቄ ነው።

እናም በቁጥር ልመዝነው ሞከርኩ። የእህቴን ልጅ ጠራሁት።

"እስከ ዛሬ ስንቱን እንዲህ አደረግህ?"

"አሥራ ምናምን ይሆናል።"

"ስንቱ ሞተብህ?"

"አንዷ ብቻ።"

"ያቺ አንዷ የማን ነበረች?"

ሳቅ አለ። "የጓደኛዬ።"

"ምን አለህ ታዲያ?"

"ምን ይላል ጋሼ? አንድ ሳምንት አኮረፈኝ። በኋላ ሌላ ገዛሁለት።"

ይህ መልስ ከቁጥሩ ይልቅ ጠቀመኝ። ከአሥራ ምናምን አንድ ማለት አደጋው ስንት ጊዜ እንደሚደርስ ይነግረኛል፤ በማን ላይ እንደሚደርስ ግን አይነግረኝም። አንድ ሰው የራሱን ሎተሪ ቢቆርጥ የራሱ ጉዳይ ነው። በጎረቤቱ ገንዘብ የቆረጠ ዕለት ግን የማሸነፍ ዕድሉ ስንትም ቢሆን ጥያቄው ሌላ ነው።

ዋይፋይዋ የማን ናት? ደረሰኟ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ንብረትነቷ የኔ ነው። ጥቅሟ ግን የብዙ ሰው ነው። ልጄ ለውጭ አገር ድርጅት ከቤቷ ሆና ትሠራለች፤ ከመስመር ለጠፋችበት ቀን የሚከፍላት የለም። አብረውን የሚኖሩት አማቴ እሑድ እሑድ ማታ ዱባይ ካለችው ልጃቸው ጋር በምስል ይነጋገራሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚኖሩት ለዚያች አንድ ሰዓት ነው ብል አላጋነንኩም። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስላለበት የይለፍ ቃሉን ሰጥቼው፣ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የድሮ ፈተናዎችን ያወርዳል። እኔስ? ጋዜጣ አነብባታለሁ። ብትሞት ከሁሉም ያነሰ የምጎዳው እኔ ነኝ። የሚወስነው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን በደንብ ያሰብኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ከዚያ በፊት ያሰብኩት ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ዓርብ ማታ መጥቶ ሊያድር፣ ቤተሰቡ ሲተኛ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራውን ልንጀምር ተስማማን። ሰው እንዳይረበሽ በሚል። እንዲያውም በአሳቢነቴ ትንሽ ኮርቼ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ልክ ኬብሉን ልንሰካ ስንል አማቴ ለጸሎት ተነሥተው ኖሮ ሳሎኑ በር ላይ ቆመዋል።

"ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?"

"ምንም አይደል እማማ፣ ዋይፋይዋን ልናድሳት ነው።"

"በሌሊት?"

"ሰው እንዳይረበሽ ብለን ነው።"

"ብትበላሽስ?"

"ኧረ አትበላሽም፣ አይስጉ።"

ትንሽ አሰቡና "አትበላሽም ካልክ ልጄ፣ ታዲያ ለምን በሌሊት?" አሉኝ።

ኬብሉን መልሼ አስቀመጥኩት።

ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬ፣ ስለ ገጸ ባሕርያት ድብቅ ፍላጎት ስንት ሰዓት ተናግሬ፣ የራሴን ዓላማ ያነበቡልኝ የሰባ ስምንት ዓመት እናት ናቸው። እውነቱን ላውጣው። ሌሊቱን የመረጥኩት ለእንቅልፋቸው አዝኜ አልነበረም። ከተሳካ ጠዋት ላይ "አየሽ፣ አደስኳት" እላለሁ። ካልተሳካ ደግሞ "መብራት ጠፍቶ ተበላሸች" እላለሁ። ምስጋናው የኔ፣ ጥፋቱ የመብራት። አደጋው ግን የነሱ። ሌሊቱ ያስፈለገኝ ላለመጠየቅ ነበር።

በማግሥቱ ቡና ላይ ነገሩን ለሁሉም አወጣሁት። አማቴ ጥያቄያቸውን አልጨረሱም ነበር። "እንዳለች ብትተዋትስ?" አሉ። ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው ጥፋቴ የወጣው። ምክንያቱም መልሱ "እንዳለች መተውም አደጋ አለው" ነው። ይህንንም ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የጥበቃ ካሜራዎችን፣ የምስል መቅጃዎችንና የቤት ሮውተሮችን ወረረ። የተራቀቀ ጥበብ አላስፈለገውም። ዕቃዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጧቸውን፣ ባለቤቶቻቸውም ያልቀየሯቸውን ስልሳ ገደማ የመግቢያ ስሞችና የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ነበር የሚገባው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን የተወረሩት ዕቃዎች ተባብረው ዳይን የተባለውን፣ የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያስተናግድ የአሜሪካ ኩባንያ በጥያቄ ብዛት አጥለቀለቁት። ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፈት አሉ። የነዚያ ካሜራዎችና ሮውተሮች ባለቤቶች ያን ቀን ምን ሲሠሩ ነበር? ቡና ሲጠጡ ይሆናል። ዕቃቸው በማያውቁት ሰው ቤት ላይ ድንጋይ እየወረወረ መሆኑን አላወቁም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ደግሞ የሲስኮ ተመራማሪዎች ቪፒኤንፊልተር የተባለ ሌላ ተንኮለኛ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ዕቃዎችን መያዙን ይፋ አደረጉ፤ አብዛኞቹ የቤትና የትናንሽ ቢሮዎች ሮውተሮች ነበሩ። በውስጣቸው የሚያልፈውን መልእክት መሰለል ይችል ነበር። ሲታዘዝ ደግሞ ፈርምዌሩን አበላሽቶ ሮውተሯን ራሷን የመግደል ችሎታ ነበረው። እንግዲህ "ብነካት ትሞታለች" ብዬ የፈራሁት ነገር ሳልነካትም ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ጎተራ ውስጥ ዝም የተባለ እህል ሲነቅዝ ከውጭ አይታይም፤ የሚታወቀው እጅ ሲገባ ነው። ሰው ዝም ሲል ላይነቅዝ ይችላል። ሮውተር ግን ዝም ስትባል ትነቅዛለች።

ልጄ ሁሉንም ሰምታ "ታዲያ ባለፈው ዓመት ስነግርህ ለምን ይህን አልነገርከንም?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በሌሊት ልቀይራት ስነሣ አልጠየቅኋቸውም፤ ይኸ ይታያል። ዓመቱን ሙሉ ሳልቀይራት ስቀመጥም አልጠየቅኋቸውም፤ ይኸኛው ግን አይታይም። ስናደርግ የምናመጣውን አደጋ "ጥፋት" እንለዋለን፤ ሳናደርግ የምናመጣውን ደግሞ "ጥንቃቄ"። አማቴና የጎረቤቴ ልጅ ግን ሁለቱንም እኩል ነው የሚከፍሉት።

"እሺ፣ አሮጌው አይታመንም። የምትጭኑት አዲሱስ ለምን ይታመናል?" ብላ የጠየቀችው ባለቤቴ ናት። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእህቴ ልጅ ታሪኩን አወራን። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደብልዩ-አር-ቲ 54-ጂ የተባለች ሮውተር ለገበያ አቀረበ። በውስጧ ያለው ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ የተሠራ መሆኑን አዋቂዎች ደረሱበት። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ በሱ የሠራውን ለሌላ ያከፋፈለ ሁሉ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለተጠቃሚው እንዲገልጥ ያስገድዳል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 ጽሑፉን አወጣ። በዓመቱ፣ በ2004፣ ከዚያ ጽሑፍ ተነሥቶ ኦፕን-ደብልዩ-አር-ቲ የተባለው ሥራ ተጀመረ፤ ስሙንም ከዚያችው ሮውተር ወረሰ። ከሃያ ዓመት በላይ በጎ ፈቃደኞች እያደሱት ኖሯል፤ ፋብሪካዎች ለተዋቸው ብዙ ሮውተሮችም ማረፊያ ሆኗል።

የተገለጠ ጽሑፍ ሁሉ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስ-ዜድ በተባለ፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በሚጫን ነጻ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር ተገኝቷል። የደበቀው ከሁለት ዓመት በላይ በጎ ተባባሪ መስሎ የቆየ ሰው ነው። ያገኘው ደግሞ አንድ መሐንዲስ ነው፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ለምን ብሎ ጠየቀ። ከዚህ የተማርኩት፣ የተገለጠ ነገር የሚታመነው ክፉ ሰው ስለማይደርስበት ሳይሆን የጠረጠረ ሰው ገልጦ ሊያየው ስለሚችል መሆኑን ነው። በጠራራ ፀሐይ የሚሠራ ሥራም እንደዚሁ ነው።

ሁሉም የየራሱን ቅድመ ሁኔታ አቀረበ። ልጄ፣ ቅዳሜ ይሁን፣ እኔ የማልሠራበት ቀን፣ አለች። ባለቤቴ፣ ዩፒኤስ ከየትም ይምጣ አለች። የጎረቤታችንን ልጅ ጠርቼ ነገርኩትና "ችግር የለም ጋሼ፣ የምፈልገውን ዓርብ አወርዳለሁ" አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አስተያየቱን የጠየቀው ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ደረቱን ነፍቶ ነው የወጣው። አማቴ የመጨረሻዋን አስቀመጡ፦ "መመለሻ ይኑረው። እሑድ ማታ ልጄን እንዳላጣት።"

መመለሻ። ከሦስት ሌሊት ክርክር የተሻለች ቃል ናት። አደጋ ሁሉ አንድ አይደለም። ተሳስተህ የምትመለስበት አለ፤ ተሳስተህ የማትመለስበትም አለ። ብልኅነት ከአደጋ መሸሽ ብቻ አይደለም፤ የማይመለሰውን ወደሚመለስ መቀየርም ነው። የእህቴ ልጅ ይህችን ቃል ወደ ሥራ ለወጣት። አንዲት ተጠባባቂ ሮውተር ከቤቱ አምጥቶ አስተካከለ። የኛይቱን ገልብጦ ከሥሯ የተለጠፈውን ሞዴልና የስሪት ቁጥር አነበበ፤ ስማቸው አንድ ሆኖ ሆዳቸው የተለያየ ሮውተሮች አሉና። ያወረደው ፋይል እንዳልተጎደለ አሻራውን አመሳከረ። የፋብሪካዋን የድሮ ፈርምዌር ለብቻው አስቀመጠ፤ የይለፍ ቃሎቹን እኔ በወረቀት ጻፍኩ። ሁሉም በኬብል እንጂ በአየር አይሆንም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ቁልፉን ተጫነው።

አልሠራም።

አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ አሥር ደቂቃ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ገጿ አልከፈት አለ። የልጁ ግንባር አላበው። የኔም። ነገር ግን አንድ የሚገርም ነገር ሆነ፦ ማንም አልጮኸም። ልጄ ተነሥታ ተጠባባቂዋን ሰካች፤ በሁለት ደቂቃ ኢንተርኔት ተመለሰ። አማቴ "አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ሥራ" ብለውት ሽንኩርታቸውን ሊከትፉ ሄዱ። የእህቴ ልጅም በረጋ መንፈስ መጻፍ የያዘውን ነገር አነበበልኝ፦ በብዙ ሮውተሮች ውስጥ ከፈርምዌሩ ቀድማ የምትነቃ ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ እሷ እስካልተነካች ድረስ ሮውተሯ ራሷን ስታለች እንጂ አልሞተችም። ከኋላዋ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ አበራት፤ ፋይሉን በዚያች በኩል እንደገና ሰጣት። ሰዓት ገደማ ፈጀ። ከዚያ ነቃች።

አሁን አንባቢዬ "ይኸው ተሳካልህ፤ ልክ ነበርክ ማለት ነው" እንዳትለኝ። እንዲህ ማለት ራሱ ስህተት ነው። በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ሁለት ፈላስፎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረቧቸው ጽሑፎች ያነሡት ችግር ነው፤ የሰውን ምግባር በእጁ ባልነበረ ዕድል እንመዝናለን። ሁለት አጎቶች በሌሊት፣ ማንንም ሳይጠይቁ ሮውተር ፍላሽ ቢያደርጉና የአንደኛው ሰፈር መብራት ቢጠፋ፣ እሱን ብቻ እንወቅሳለን። የሌላኛው ጥፋት ግን አላነሰም፤ መብራት ስላልጠፋበት ብቻ አልታየም። ያን ዓርብ ሌሊት ሥራው በአንድ ጊዜ ተሳክቶ ቢሆን እንኳ አጥፍቼ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ሮውተሯ ለዘላለም ሞታ ብትቀር ደግሞ ያዝን ነበር እንጂ ያጠፋን አልነበርንም። የሚከፍሉት ተጠይቀዋል፤ መመለሻም ነበረ። ውሳኔው ልክ የሆነው ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ነው።

እሑድ ማታ አማቴ ከዱባይ ልጃቸው ጋር ተነጋገሩ። ምስሉ እንደ ድሮው ነው፤ ሲቆራረጥም እንደ ድሮው ነው። ሲጨርሱ ስልኩን እየሰጡኝ "ታዲያ ይኸ ሁሉ ግርግር ምን ለወጠ?" አሉኝ።

"የሚታይ ነገር አልለወጠም እማማ።"

"ይሁን። ነግረኸናል" አሉና ገቡ።

በቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ ከዚያም ሰፋ ባለው ቦታ ስንት ነገር በሌሊት እንደተቀየረብን፣ ስንት ነገርም በዝምታ እንደነቀዘብን እያሰብኩ ተቀመጥኩ። የመቀየር ደጋፊዎችና የመተው ደጋፊዎች ዘመናቸውን ሙሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ሁለቱም ወገን ተስማምቶ የሚረሳው አንድ ሰው አለ፤ ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ልጅ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ልጄ ከወጥ ቤት ተጣራች። "አባዬ፣ ይኸ የጋዙ ጎማ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ተይው፣ ዝም..." ብዬ ልጀምር ነበር። ብዕሬን አስቀምጬ ላየው ሄድኩ።